ከድር የቆረጠው ፎቶ

ኅዳር 12 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና

ታንጉት ዛሬም አሳረረችኝ። በሻይ እረፍት፣ መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ብርጭቆዋን ይዛ እየተውረገረገች፣ «ትርፊትዬ፣ የእህትሽን ሠርግ ማን ሊያነሳው ነው? ከድር እንደሆነ ሁሉንም መስታወት ላይ አያወጣም፤ መርጦ ነው» አለችኝ። መርጦ!

የእሷ የሠርግ ፎቶ ከክረምት ጀምሮ ከድር ፎቶ ቤት መስታወት ላይ አለ። ከመናኸሪያ የወረደ፣ ገበያ የሚወጣ፣ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሁሉ እሷን ሳያይ አያልፍም። ባሏ አጠገቧ ቆሞ ፈተና የወደቀ ተማሪ ይመስላል። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም መንገዴ በዚያ በር ነው። ስሄድም ስመለስም ደሜ ይፈላል።

ጣቢታን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አባታችን ሲሞት እሷ ገና የክንድ ልጅ ነበረች። እማ እንሰት ስትፍቅ እኔ እሷን አዝዬ ነው የተማርኩት። እሷን ለወግ ለማዕረግ ሳበቃ የእኔ ወግ አለፈ። ይለፍ፣ ቅር አላለኝም። ፎቶዋ ግን እዚያ መስታወት ላይ ይወጣል። ይወጣል አልኩ፣ ይወጣል።

ኅዳር 17

ከድር ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ድምፁ ዝግ ያለ ነው እንጂ ኩራቱ ጣራ ነክቷል። ሰው ሁሉ ጉርድ ፎቶውን ተነስቶ እስኪወጣ ጠብቄ፣ በስንት ጨዋነት ጠየቅኩት።

«ሠርጉ ጥር አሥራ አራት ነው። ቤት መጥተህ ታነሳልናለህ። ከሁሉ ያማረውን ደግሞ መስታወቱ ላይ ታደርግልኛለህ» አልኩት።

«መምጣቱን እመጣለሁ። የመስታወቱን ግን ቃል አልገባም» አለኝ፣ ካሜራውን በጨርቅ እየወለወለ።

«ለታንጉት ገብተህ የለ?»

«ለማንም አልገባሁም። ጥሩ ስለወጣ ሰቀልኩት። መምህርት፣ እዚያ ላይ የወጣ ሰው አገር ሁሉ ነው የሚያየው። ኋላ የሚቆጨው አለ።»

የሚቆጨው! የሚያስቆጭ መልክ አላት ጣቢታ? ደህና ዋል እንኳ ሳልለው ወጣሁ። ሆሳዕና ውስጥ ፎቶ አንሺ እሱ ብቻ ነው እንዴ?

ኅዳር 20

ብዙነህ ጋ ሄጄ መጣሁ። ምነው በቀረብኝ! ብዙነህ ማለት የቀበሌውን ሰልፍና ስብሰባ የሚያነሳው ነው። አልበሙን ገልጦ አሳየኝ። ሰልፈኛው እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። እጅ አለ፣ መፈክር አለ፣ ራስ የለም። ገለጥ ሳደርገው አንድ ሙሽራ ከአገጩ በላይ ተቆርጦ ቆሟል። «ይሄስ?» ብለው፣ «ሙሽራው ረጅም ነበር» አይለኝ መሰላችሁ! ጥፋቱ የሙሽራው ሆነና አረፈው።

ጭራሽ «ቀኑን ልያዘው፤ ግን ድንገት ሰልፍ ከተጠራ እኔን አትጠብቂኝ» አለኝ። እህቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ ሰልፍ እስኪበተን ትቁም? አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። ዘንድሮ እንደሆነ መዋጥ ነው።

ኅዳር 25

እማ ዛሬም ጀመረች። «ጠና በሌለበት ምን ሠርግ አለ?»

ጠና ወንድማችን ነው፤ የእኔ ታናሽ፣ የጣቢታ ታላቅ። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ሲጠራ፣ በሾፌሩ በዑመር የጭነት መኪና ላይ ከበርበሬ ጆንያ መሀል ቀብሬ ቦኖሻ ያለችው አክስታችን ዘንድ የላክሁት እኔ ነኝ። ለጎረቤቱም ለቀበሌውም «ወንጂ አገዳ ቆረጣ ሄዷል» ብለናል። ከዚህ አገር ልጅ ወንጂ ያልሄደ ማን አለ? ማንም አልጠረጠረ። ታንጉት እንኳ «ስኳር ላክ በይው» ብላ አፊዛብኛለች።

«እማ፣ ከመጣ ያፍሱታል። ካፈሱት ደግሞ የሚመለስበትን አናውቅም። የጎረቤታችን ልጅ የት እንደወደቀ የነገራቸው አለ?» አልኳት።

አማርኛው አልበቃ ሲላት ወደ ሀድይኛ ዞረች። እማ በሀድይኛ ስታለቅስ አንጀቴን ትበላዋለች። ግን አይመጣም። ክፉ ይበሉኝ፤ አይመጣም።

ታኅሣሥ 3

የጣቢታ እጮኛ ኤሊያስ ከአንጋጫ መጣ። ልጁስ ደህና ነው። «እትዬ፣ ፎቶ ምን ያደርጋል? ጉርድ ጉርድ ብንነሳ አይበቃም?» ሲል ግን ልቤን ሊያቆመው ነበር። እህቴን በጉርድ! ጣቢታ ደግሞ ትስቃለች። ሁለቱንም ሽንኩርት አስላጥኳቸው።

ታኅሣሥ 9

ምን አደርጋለሁ፣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ከድር ዘንድ ተመለስኩ። ቀኑን ያዘልን። ስለ መስታወቱ አላነሳሁም፤ ሲያያት ራሱ ይለምነኛል።

አንድ ነገር ግን በደንብ ነገርኩት። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ጋብቻ የሚባረከው በየቤቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ጓዳ ገብተው ይጸልያሉ፣ በጓሮ አጥር አንድ በአንድ ይወጣሉ። «እነሱ ግቢውን ሳይለቁ ካሜራው ከቦርሳው እንዳይወጣ። አንድ ሽማግሌ ፎቶ ውስጥ ከተገኘ ሰውየው አለቀለት» አልኩት።

«መምህርት፣ እኛ ሰፈርም ይሄን እናውቀዋለን። የሚነሳውንም የማይነሳውንም ለይቼ ነው የማነሳው» አለኝ።

ይሄን ሲለኝ ትንሽ ደስ አለኝ። ትንሽ ብቻ።

ጥር 5

ልብስ ሰፊው እጅጌውን አጠበበው። የኤሊያስ ዘመዶች ብዛታቸውን አልተናገሩም። ሚጥሚጣ አልተወቀጠም። እማ ከዑመር ጋር አጥር ሥር ሲንሾካሾኩ አየሁ፤ ስጠጋ ስለ በርበሬ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። የምን በርበሬ ነው?

ጥር 13

ሩጫ። ድምፄ ዘግቷል። ድንኳኑ ዘሟል። ነገ ነው።

ጥር 15

አለፈ። እግሬ አብጧል፤ ልቤ ግን ሞልቷል።

ከማለዳው ልጀምር። ገና ሳይነጋ የጓሮ በር ሲንኳኳ ሽማግሌዎቹ ናቸው ብዬ ከፈትኩ። ጠና! እማና ዑመር መክረው ያመጡት እሱን ኖሯል። «ማን ና አለህ? አብደሃል?» ብዬ ጮኼበት፣ ጩኸቴን ሳልጨርስ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ከስቷል። ጢም አብቅሏል። አባታችንን መስሏል። ጓዳ አስገባሁትና ንቅንቅ እንዳትል አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ጸለዩ፣ መረቁ፣ በአጥሩ ወጡ። ከድር ቃሉን ጠብቆ ውጭ ቆይቷል። የመጨረሻው ሽማግሌ ርቆ መሄዱን እኔው ራሴ መንገድ ድረስ ወጥቼ አየሁ። ከዚያ በኋላ ነው እፎይ ብዬ «በል አሁን አንሳ» ያልኩት።

የቤተሰቡ ፎቶ ሲደርስ እማ ጠናን ከጓዳ ጎትታ አወጣችው። ልከለክል ነበር። ግን የኤሊያስ ዘመዶች በቀኝ በኩል እንደ ግንብ ቆመው፣ በእኛ በኩል እማና እኔ ብቻ። ወገን የሌላት አስመሰሏት! ጠና ደግሞ ሸሚዝ ለውጦ፣ ያንን ቁመቱን ይዞ ዳር ላይ ይሽኮረመማል። እጁን ይዤ ከጣቢታ ጎን አቆምኩት፣ እኔም አጠገቡ ቆምኩ። አሁን ሰው መሰልን።

ከድር ከካሜራው ቀና አለ። «መምህርት፣ ሁሉም ይገባሉ?»

«ሁሉም!» አልኩት።

«ሁሉም?» ደገመልኝ።

ጆሮው አይሰማም እንዴ? ጮክ ብዬ ደገምኩለት። አነሳን። ጠና ጀንበር ሳትጠልቅ በመጣበት መኪና ተመለሰ።

የካቲት 1

ፎቶው ታጥቦ ደረሰ። እንዴት እንዳማረ! ጣቢታ አበባዋን ይዛ፣ ጠና እየሳቀ፣ እኔም ለአንዴ እንኳ ዓይኔን ሳልጨፍን። ከድር ትልቁን በፖስታ አሽጎ «ይሄን ለእናትየው። ቤት አስቀምጡት» አለኝ። ቤት ሳይሆን የት ይቀመጣል? አይ ይሄ ሰውዬ!

የካቲት 6



ዛሬ ጠዋት ከመናኸሪያው ማዶ ሳየው፣ የታንጉት ፎቶ ወርዷል፤ በቦታው ነጭ ልብስ። ጣቢታ! መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ቀርቤ ሳይ ክው አልኩ። ሙሽራው አለ፣ ሙሽሪት አለች፣ እማ ከፊት ተቀምጣለች፣ የአንጋጫ ሰው ሁሉ እስከ አክስትየው ልጅ አለ። እኔ የለሁም። ከጣቢታ ትከሻ ጀምሮ በእኛ በኩል ያለው በሙሉ ተቆርጦ ተጥሏል።

እኔ! አዝዬ ያሳደግኳት! ልብሷን ያሰፋሁ፣ ድንኳኑን ያስተከልኩ፣ ይሄንኑ ሰውዬ በር ላይ ቆሜ የለመንኩ! ባል የሌላት ሴት ለመስታወት አትሆንም ማለት ነው? ግልጹን አይነግረኝም?

ገባሁ። ጓድ ሽብሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጉርድ ሊነሳ ክራቫቱን ያስተካክላል። ሽብሩ የትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ የቀበሌው የውትድርና ምልመላ ኮሚቴ ውስጥም አለበት። ቢኖርስ? ዛሬ የምፈራው ሰው አልነበረም።

«ግማሹን የት አደረስከው?» አልኩት ከድርን።

አንዴ ሽብሩን አየ፣ አንዴ እኔን። «ጠርዙ ላይ ብርሃን ገብቶበት ተበላሸ።»

«ውሸት! ቤት ያለው ሙሉው ነው፣ አንዲት ነጥብ የለበትም!»

«እህቴ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቤት ግቢና በደንብ እይው። ነገ፣ ሰው ሳይኖር እንነጋገራለን።»

«በሰው ፊት ቆርጠኸኝ በጓዳ ልታባብለኝ ነው? ወይስ ክርስቲያን ስለሆንን ነው? የናንተ ሰው ቢሆን ትቆርጠው ነበር?»

ፊቱ ተለወጠ። ሽብሩ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ሳቀብኝ። «መምህርት፣ ፎቶ ውስጥ ስላልገባሽ ነው ይሄ ሁሉ?»

«መግባቴንማ ገብቻለሁ! ሙሉውን ነገ አመጣዋለሁ፣ ታየዋለህ ጓድ ሽብሩ!» ብዬ በሩን አላትሜ ወጣሁ።

ክርስቲያን ስለሆንን ያልኩት ትንሽ በዛ። ሚስቱ ረሂማ ጣቢታን በሽታ የጣላት ጊዜ አጥሚት ይዛ የመጣች ሴት ናት። ቢሆንም እሱ ነው ያናገረኝ።

የካቲት 7

ቃሌን ጠበቅኩ። ትልቁን ፎቶ ከእማ ሳጥን አውጥቼ መምህራን ማረፊያ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከፈተና ፕሮግራሙ አጠገብ፣ በአራት ማዕዘኑ ስፒል ሰካሁት። ከሥሩም «ሳይቆረጥ» ብዬ ጻፍኩ። ይዩት!

አዩትም። ሁሉም አደነቀ። ታንጉት ብቻ ብዙ አፍጥጣ ቆየችና፣ «እንዴ፣ ይሄ ጠና አይደለም? ከወንጂ መጣ እንዴ?» አለች። ቶሎ ብዬ «ለሁለት ቀን ፈቃድ ሰጥተውት ነው» አልኳት። ጥሩ መልስ ነው፤ ወንጂም ፈቃድ ይሰጣል። ሽብሩም መጥቶ አየ። አሁን አልሳቀም። «ያምራል» ብቻ ብሎ ወጣ። ያምራላ!

አውጥቼ ቤት ልመልሰው ይሆን? አይ፣ ዛሬን ይዋል።

የካቲት 8

ፎቶው ሰሌዳው ላይ የለም። አራቱ ስፒል ብቻ ቀርቷል። ታንጉት ናት! ከመስታወት ስትወርድ አላስቻላትም። ጠየቅኳት፤ በልጆቿ ማለች። ልጅ የላትም እኮ!

የካቲት 10

ታንጉት አይደለችም።

አብዮት ጠባቂዎች ከቁርስ በፊት መጡ። ፎቶው ሽብሩ እጅ ላይ ነው፤ ከሥሩ የራሴ ጽሕፈት። «ልጁ ሠርግ ላይ የቆመው እዚሁ ግቢ ነው። ወንጂ መዝገብ ላይ የለም፣ እኛ ጠይቀናል። የት አለ?» አለ። እማ መለሰችላቸው፤ በሀድይኛ፣ ቀስ ብላ፣ አላውቅም አለች። «እንግዲያው እስኪመጣ እኛ ጋ ይቆያሉ» ብለው ወሰዷት። ነጠላዋን እንኳ አላስለበሷትም።

እኔን ውሰዱኝ አልኩ። ፎቶውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ አልኩ። «አንቺ ማስተማር አለብሽ» አለኝ ሽብሩ።

የካቲት 11

ምግብ ወስጄ በዘበኛው በኩል አስገባሁ። ሰሌን ላይ ነው ያደረችው። ሳል ጀምሯታል። አሮጊት ለልጅ መያዣ! እነዚህ ሰዎች እናት የላቸውም? ቦኖሻ እንዳይሰማ ለዑመር ላክሁበት፤ «አፍህን ዝጋ፣ ለጠና ትንፍሽ እንዳትል» አልኩት። የላክሁት ከረፈደ ነው። ዑመር ጠዋት ጭኖ ወደ ቦኖሻ ወጥቷል።

የካቲት 12

ጠና መጣ። ቤት አልመጣም፤ በቀጥታ ቀበሌ። በዋናው መንገድ፣ በገበያተኛው መሀል፣ ቀን በቀን ሄዶ «እኔ ነኝ፣ እናቴን ልቀቁ» አላቸው። ለቀቋት። በሩ ላይ ተላለፉ። እማ ልትይዘው ስትል ዘበኛው መሀል ገባ።

እኔ ስደርስ የምልምሎቹ መኪና ሞልቶ ሞተሩ ተነስቶ ነበር። አየኝ። «እትዬ፣ እማን ሐኪም ቤት አሳዪያት፣ ሳሉ ጥሩ አይደለም» ብሎ ጮኸ። አልወቀሰኝም። ምነው በሰደበኝ።

የካቲት 18

ዛሬ ከድር ዘንድ የሄድኩት ልጮህበት ነበር። ለምን በግልጽ አልነገርከኝም? አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትተነፍስ ኖሮ!

ፎቶ ቤቱ ባዶ ነበር። ጩኸቴን እስክጨርስ ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ፣ «ሽብሩ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምን ብዬ ልንገርሽ መምህርት?» አለኝ። «ቤት አስቀምጡት አልኩሽ። ሰው ሳይኖር ነይ አልኩሽ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩሽ። ልጁ ከጓዳ ተጎትቶ ሲወጣ ነገሩ ገብቶኛል። የቆመው ደግሞ በአንቺና በሙሽሪት መሀል ነው፤ እሱን ለማውጣት አንቺን ሳልቆርጥ መንገድ አጣሁ። መስታወቱ ላይ እንዲወጣ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ፣ ለዚያ ብዬ ነው ጨርሶ ያልተውኩት።»

ስለ ክርስቲያን የተናገርኩትን ይቅር በለኝ አልኩት። «ትቼዋለሁ» አለኝ፤ ግን ወደ እኔ አልዞረም።

እማ የጠናን ፎቶ አምጪልኝ ስላለችኝ አንድ እንዲያትምልኝ ለመንኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሰሌዳ ላይ መለጠፌን የሰማ ቀን ኔጋቲቩን አቃጥሎታል፤ ቀበሌዎቹ መጥተው ሌላ እንዳያሳትሙ። ሽብሩ የወሰደውን አይመልስም። የጠና የተማሪ ቤት ጉርድም መታወቂያው ላይ ነበር፤ ከኪሱ ጋር ሄዷል።

ከድር መስታወቱን ከፍቶ የተቆረጠውን አወረደልኝ። «ያለው ይሄ ነው» አለኝ።

የካቲት 19

ፎቶውን ለእማ ሰጠኋት። መስኮቱ ዳር ወስዳ፣ አቅርባም አርቃም ፈለገችው። ዓይኗ ደክሟል። እንደሌለበት ልነግራት አፌን ስከፍት ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የጣቢታ ትከሻ ላይ ጣቶች አሉ፤ ባለቤታቸው ተቆርጧል። የእኔ ናቸው። ጠናን መሀል አድርጌ፣ እጄን ከጀርባው አሳልፌ የጣቢታን ትከሻ ይዤ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጩኸቴ መስታወቱ ላይ የወጣልኝ ይሄ ነው።

«የጠና ነው፣ እማ» አልኳት።

ፎቶውን ወደ አፏ አስጠግታ ጣቶቹን ሳመቻቸው።